ባዝራዬ ሦስት ጊዜ ተጠቅታ አልያዘችም፤ የትኛውን አንቲባዮቲክ ልስጣት?

ዳማ_ባዝራ — ቀን 1

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ነው፣ ታገሱኝ።

አንዲት ዳማ ባዝራ አለችኝ። ዕድሜዋ 14 ነው። አራት ውርንጭላ ወልዳለች፣ አራቱም ደህና አደጉ። የመጨረሻውን ከወለደች ሁለት ዓመት አልፏል። በዚህ ወቅት ሦስት ጊዜ አስጠቃኋት፣ ማለትም ከድንጉላ (ከወንድ ፈረስ) ጋር አገናኘኋት። ድንጉላው ደህና ነው፣ ሌሎች ባዝራዎች ከእሱ እየያዙ ነው። የእኔ ግን እምቢ አለች። ሁለቱን ጊዜ እንደተለመደው በሦስት ሳምንቷ ድራት ላይ (ወንድ ወደምትፈልግበት ጊዜ) ተመለሰች። ሦስተኛውን ግን ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላት መጣች። ጭራዋ ሥርም የደረቀ ነጣ ያለ ነገር አየሁ። ብዙ አይደለም፣ ግን ከዚህ በፊት አላየሁባትም።

አንድ ባለሙያ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ መርፌ ወጋት። ከሁለተኛው በኋላ ደግሞ ማህፀኗ ውስጥ አንቲባዮቲክ ጨመረላት። ናሙና የሚባል ነገር አልተወሰደም። አሁን ሰዎች «ጠንከር ያለውን ስጣት» እያሉኝ ነው። የቱ ነው ጠንካራው? በእጄ ያደገች ባዝራ ናት። ከእሷ አንድ ውርንጭላ ብቻ ባገኝ ደስ ይለኛል።

የጋጣ_ልጅ — ቀን 1

አይዞህ ወንድሜ። የእኔም እንዲህ አድርጋኝ ታውቃለች። እኔ ከድንጉላው ነው የምጀምረው። ከመጠቃቷ በፊት ሁልጊዜ ብልቱን በፀረ-ተህዋስያን ሳሙና ፍትግ አድርጎ ማጠብ ነው። ንጹሕ ከሆነ ምን ያመጣል? መድኃኒቱን ግን ሌሎች ይንገሩህ።

ዶክተር_ጋማ — ቀን 1

ወንድሜ፣ ለጊዜው የመድኃኒት ስም አልጠራልህም። ምክንያቱን ልንገርህ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ከባዝራዎች ጋር ነው። እንደ አንተ ዳማ ያለችውን በየወቅቱ አያለሁ። ብዙዎቹ ወደ እኔ ሲመጡ ሁለት ሦስት ዓይነት አንቲባዮቲክ ጨርሰዋል። ማህፀናቸው ውስጥ ምን እንዳለ ግን ማንም አላየላቸውም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። ባዝራ በተጠቃች ቁጥር ባክቴሪያ ወደ ማህፀኗ ይገባል። ፍጹም ጤነኛ ብትሆንም ይገባል። የድንጉላ የዘር ፈሳሽ በቀጥታ ማህፀን ውስጥ ነው የሚፈሰው። ከቆዳ፣ ከፀጉርና ከአቧራ የመጣው ተህዋስ አብሮት ይሄዳል። ስፐርሙ ራሱም ለማህፀን ባዕድ ነገር ነው። ስለዚህ ማህፀኑ ይቆጣል። ነጭ የደም ህዋሳት ይጎርፋሉ፣ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ከዚያ ጡንቻው እየተኮማተረ ሁሉንም ጠርጎ ያወጣዋል። ይህ ብግነት በሽታ አይደለም፣ ጽዳት ነው። ጤነኛ ባዝራ በ24፣ ቢበዛ በ48 ሰዓት ጨርሳ ትገላገላለች።

ችግሩ ያለው ጽዳቱን መጨረስ የማይችሉት ላይ ነው። ከመቶ ባዝራ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት እንዲህ ናቸው። በአብዛኛው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ደጋግመው የወለዱ ናቸው። ማህፀናቸው ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ መኮማተሩ ይደክማል፣ ፈሳሹ እዚያው ይቀራል። ባክቴሪያ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ካገኘ መራባቱን ይቀጥላል። ፅንሱ ከእንቁላል ቱቦ ወርዶ ማህፀን የሚደርሰው እንቁላሉ ከወጣ በ6ኛው ቀን ገደማ ነው። በዚያ ቀን ቤቱ ካልጸዳ ይሞታል። አንተ የምታየው «አልያዘችም» የሚለውን ብቻ ነው። ምናልባት ይዛ ነበር።

ቀኗ ሳይደርስ መመለሷም የሚነግረን ነገር አለ። የተቆጣ ማህፀን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን እንቁላሉ በወጣበት ቦታ የበቀለውን ቢጫ አካል ያፈርሰዋል። ባዝራዋም ቶሎ ድራት ላይ ትመለሳለች። ስለዚህ ያ ባለሙያ «ኢንፌክሽን ነው» ማለቱ ስህተት ላይሆን ይችላል። ግን የትኛው ተህዋስ? በየት በኩል ነው የሚገባው? ለምንስ አልወጣም? ሦስቱም ሳይመለሱ ነው መርፌው የተወጋው።

እስኪ ይህን አድርግና ንገረኝ። ከኋላዋ ቁም፣ ጭራዋን ወደ ጎን አድርግ። ፊንጢጣዋ ወደ ውስጥ ገብቷል? የብልቷ ከንፈር ቀጥ ብሎ ቆሟል ወይስ ወደ ፊት ጋደም ብሏል? ከንፈሮቹ ተጋጥመዋል? ስትሮጥስ ከኋላዋ የአየር ድምፅ ትሰማለህ?

ዳማ_ባዝራ — ቀን 2

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት አየኋት። ፊንጢጣዋ በእርግጥ ወደ ውስጥ ገብቷል። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ባለፈው ዓመት ከስታ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል። የብልቷ የላይኛው ክፍል እንደ መደርደሪያ ጋደም ብሏል። ፋንድያ ስትጥል ትንሽ እዚያው ላይ ይቀራል። የአየሩን ድምፅ ደግሞ ሁልጊዜ እሰማው ነበር። ሆዷ የሚጮህ ነበር የሚመስለኝ።

ጋሼ_ጉራች — ቀን 2

ልጄ፣ የሆዷ ድምፅ አይደለም። አየር እየሳበች ነው። ከአየሩ ጋር ደግሞ ፋንድያዋን ጭምር እየሳበች ነው።

ባዝራ ማርባት ከጀመርኩ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሽማግሌ የነገረኝን ልንገርህ። የባዝራ ማህፀን ሦስት በር አለው። አንደኛው የብልቷ ከንፈር ነው። ሁለተኛው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለው እጥፋት ነው። ሦስተኛው ራሱ የማህፀን በር ነው። ሦስተኛው በድራት ጊዜ ይላላል፣ ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ የሚጠብቋት ሁለቱ የውጪዎቹ ናቸው። ወጣት ባዝራ ላይ የብልቷ ከንፈር ቀጥ ያለና ጥብቅ ነው። ስታረጅ፣ ስትከሳ፣ ደጋግማ ስትወልድ ፊንጢጣዋ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ብልቷንም ይዞት ይሄዳል። ያን ጊዜ ፋንድያ ቀጥታ በሩ ላይ ይወድቃል።

መሞከሪያ አለው። ሁለቱን ከንፈር በጣትህ ቀስ አድርገህ ለየት አድርጋቸው። ወዲያው አየር «ፍስስ» ብሎ ሲገባ ከሰማህ ሁለተኛው በርም ደክሟል።

መፍትሔውም ያረጀ ነው። ካስሊክ የሚባል የእንስሳት ሐኪም በ1937 እ.ኤ.አ. የጻፈው ቀዶ ሕክምና ነው፣ ስሙም እስከ ዛሬ በእሱ ይጠራል። የከንፈሩ የላይኛው ክፍል በማደንዘዣ ጠርዙ ተላጦ ይሰፋል። ሲድን ይጋጠማል። ከታች ሽንቷን የምትሸናበት ይቀራል። ሐኪም ቆማ እያለች ነው የሚሠራው፣ ብዙ ጊዜም አይፈጅም። ከዚህ ቀላል ሥራ በኋላ ስንት ባዝራ እንደያዘችልኝ!

ግን አደራ። የተሰፋች ባዝራ ከመውለዷ በፊት መከፈት አለባት። እኔ አንድ ዓመት ቀኑን ረሳሁት። ሌሊት ወለደች። ጠዋት ስደርስ ከብልቷ እስከ ፊንጢጣዋ ተቀዶ አገኘኋት። ውርንጭላው ተረፈ። እሷ ግን ከዚያ በኋላ አልወለደችም። አሁንም ሳስታውሰው ያመኛል። ቀኑን ጻፈው ልጄ።

የማይክሮስኮፕ_ሰው — ቀን 2

ጋሼ የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ስለ ናሙናው ልጨምር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ናሙና የሚወሰደው ድራት ሲጀምራት ነው። በሩ ላላ ብሏል፣ የሰውነቷ መከላከያም በዚያ ጊዜ ጠንካራ ነው። ስዋቡ፣ ማለትም ናሙና የሚወሰድበት ጫፉ ጥጥ የሆነው ዘንግ፣ ድርብ ሽፋን ያለው መሆን አለበት። ባዶ ስዋብ በብልቷ በኩል ከገባ የሚይዘው የደጁን ባክቴሪያ ነው። ከዚያ እኛ ጋ ይመጣል፣ አራት ዓይነት ነገር ይበቅላል፣ «ኢንፌክሽን አለባት» ተብሎ መድኃኒት ይጻፋል። ማህፀኗ ግን ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አብቅሎ መለየት፣ ብቻውን አይበቃም። አብሮ የህዋስ ምርመራ ይሠራ። ከማህፀኑ ግድግዳ የተወሰደው ስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ባክቴሪያው በቅሎ ነጭ የደም ህዋስም በብዛት ካለ ነገሩ እውነተኛ ነው። ባክቴሪያ በቅሎ ነጭ ህዋስ ከሌለ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ወይ ናሙናው ተበክሏል፣ ወይ ደግሞ ተንኮለኛ ባክቴሪያ ነው።

ተንኮለኛ ያልኩት በተለይ ኢ. ኮላይን ነው። ከፋንድያ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ ፈሳሽ ሳያሳይ፣ ነጭ ህዋስም እምብዛም ሳይጠራ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ስዋብ ያልፈዋል። እንዲህ ሲጠረጠር ማህፀኗ በትንሽ ንጹሕ ፈሳሽ ታጥቦ፣ ያ ፈሳሽ ተሰብስቦ ቢመረመር የተሻለ ይገኛል።

በብዛት የማየው ግን ስትሬፕቶኮከስ ዙኤፒደሚከስ ነው። ፈረስ ቆዳ ላይ የሚኖር፣ በር ሲከፈትለት የሚገባ ነው። እሱ ፈሳሽ ያበዛል፣ መግል ያመጣል፣ ነጭ ህዋሱም ጢም ብሎ ይታያል። ደግነቱ በአብዛኛው በፔኒሲሊን ይሞታል። «ጠንካራ መድኃኒት» አይፈልግም። ከዚያ ክሌብሲየላና ሱዶሞናስ አሉ። ሱዶሞናስ ዙሪያውን ሙጫ መሰል ሽፋን ይሠራና ከሥሩ ይደበቃል። መድኃኒቱ ላብራቶሪ ውስጥ ገድሎት ማህፀን ውስጥ ላይደርስበት ይችላል።

ዳማ_ባዝራ፣ አንቲባዮቲክ ከወሰደች ስንት ቀን ሆናት? ገና ከሆነ ካልቸሩ ባዶ ሊወጣና ሊያታልለን ይችላል።

ዳማ_ባዝራ — ቀን 2

አምስት ሳምንት አልፏታል። ሌላ ሐኪም ፈልጌ ቀጥሬያለሁ። ድራት እንደጀመራት ይመጣል።

ጋሼ፣ የአየሩን ነገር ሞከርኩት። ልክ እንዳሉት «ፍስስ» አለ።

የጋጣ_ልጅ — ቀን 3

ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ያልኩትን አልመለሱልኝም። ድንጉላውን በፀረ-ተህዋስያን ሳሙና ማጠብ ምን ክፋት አለው? ዓመታት አድርጌዋለሁ።

ዶክተር_ጋማ — ቀን 3

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለንጽሕና ማሰብህ ደግ ነው፣ ግን ተው።

የድንጉላ ብልት ላይ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይኖራል። አብዛኛው ጉዳት የለውም፣ ቦታውን ይዞ ክፉዎቹን ይከላከላል። በፀረ-ተህዋስያን ሳሙና ደጋግመህ ስትፈትገው እነዚያ ይሞታሉ። ባዶ የቀረውን ቦታ ማን ይወርሰዋል? ሱዶሞናስና ክሌብሲየላ። እነሱ ደግሞ በርጥበትና በሳሙናው መካከል መኖር ይችላሉ። ከዚያ ድንጉላህ ምንም ሳያመው ከባዝራ ወደ ባዝራ ያደርሳቸዋል። ለብ ያለ ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ጥጥ ይበቃል። ከዚያ በደንብ ማድረቅ። ባልዲውን ለሁለት ድንጉላ አትጠቀም።

ባዝራዋን ግን እጠባት። ጭራዋን ጠቅልል፣ ኋላዋን በለስላሳ ሳሙና እጠብ፣ ሳሙናው እስኪጠፋ አለቅልቅ፣ አድርቅ። ሦስት ጊዜ ድገመው።

አምባላይ_ድንጉላ — ቀን 3

እኔ ድንጉላ ነው ያለኝ፣ ስለዚህ ከዚያኛው ወገን ልናገር። የባዝራ ባለቤቶች አንድ ነገር ብትጠይቁን ደስ ይለኛል፦ የድንጉላውን የምርመራ ወረቀት።

ሁሉም ባክቴሪያ በተከፈተ በር የሚገባ አይደለም። ቴይሎሬላ ኢኩዊጄኒታሊስ የሚባል አለ። በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ነው። የሚያመጣው በሽታ ተላላፊ የፈረስ ማህፀን ብግነት ይባላል። መጀመሪያ የታወቀው በ1977 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ኒውማርኬት በሚባለው የፈረስ ማርቢያ አካባቢ ነው። በማግስቱ ዓመት አሜሪካ፣ ኬንታኪ ተገኘ። የዓለም ውድ ፈረሶች የሚረቡባቸው ቦታዎች ናቸው። ጥንቃቄ ጎድሏቸው አይመስለኝም። ድንጉላው ምንም ምልክት ስለማያሳይ ነው። አይታመምም፣ ትኩሳት የለውም፣ ዘሩም ደህና ነው። ባክቴሪያው ብልቱ እጥፋት ውስጥ ለወራት፣ ለዓመታትም ይቆያል። ባዝራዋ ከተጠቃች ከጥቂት ቀን በኋላ ግራጫ መሰል ፈሳሽ ልታፈስ ትችላለች። አንዳንዷ ግን ምንም አታሳይም። ድና የመሰለችውም በቂንጥሯ ዙሪያ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ይዛው ልትቆይ ትችላለች።

የእኔን በየወቅቱ መጀመሪያ አስመረምራለሁ። ስዋብ ከሽንት ቱቦው ጫፍ፣ ከዙሪያው ጎድጓዳና ከብልቱ ሽፋን ይወሰዳል። ለሌላ ሥራ እንደሚወሰደው አይደለም፣ ከሰል ያለበት ማቆያ ውስጥ ይገባል፣ በቅዝቃዜ ተይዞ በ48 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ባክቴሪያው ለማደግ ዘገምተኛ ነው፣ ካልቸሩ ቢያንስ 7 ቀን ይጠበቃል። አሁን የባክቴሪያውን ዘረ መል የሚፈልግ ፒሲአር የሚባል ምርመራም አለ፣ እሱ ፈጣን ነው።

ወረቀት ስትጠይቁኝ አልቀየምም። የሚቀየም የድንጉላ ባለቤት ካጋጠማችሁ ሌላ ድንጉላ ፈልጉ።

የጋጣ_ልጅ — ቀን 3

እህቴ፣ ይህን ጨርሶ አላውቅም ነበር። የእኔ ድንጉላ ተመርምሮ አያውቅም። ሳሙናውንም ዛሬ አቆምኩ። ስዋብ አስወስዳለሁ፣ ውጤቱን እነግራችኋለሁ።

ዳማ_ባዝራ — ቀን 11

ውጤት መጣ።

ሐኪሙ ድራት በጀመራት በሁለተኛው ቀን መጣ። በአልትራሳውንድ አያት። ማህፀኗ ውስጥ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ፈሳሽ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁት፣ ጥቁር ኩሬ ይመስላል። ሽፋን ባለው ስዋብ ናሙና ወሰደ፣ ስላይድም ቀባ።

ካልቸሩ ስትሬፕቶኮከስ ዙኤፒደሚከስ ብቻ ነው ያበቀለው፣ በብዛት። ነጭ ህዋሱም ሞልቷል። በፔኒሲሊን ይሞታል ተባለ። ቀድሞ የተሰጣት ሌላ ነበር፣ ቢሆንም ሐኪሙ «ያኛውም ሊገድለው ይችል ነበር፣ በሩ ክፍት ስለሆነ ተመልሶ ይገባል» አለኝ። ትንሽ የማህፀን ሥጋም ለባዮፕሲ ልወስድ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

ዶክተር_ጋማ — ቀን 11

እሺ በለው። በ14 ዓመቷ ጠቃሚ ነው።

ባዮፕሲው የማህፀኑን ግድግዳ ጠባሳ ያሳያል። ውጤቱ በአራት ደረጃ ነው የሚነበበው፣ ኬኒና ዶይግ ያወጡት አከፋፈል ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለች ባዝራ በጥሩ አያያዝ ከ80 እስከ 90 በመቶ ውርንጭላ የማድረስ ዕድል አላት። ሁለተኛው ከ50 እስከ 80 ነው። ሦስተኛው ከ10 እስከ 50 ይወርዳል። የመጨረሻው ላይ 10 በመቶ ገደማ ነው። ባክቴሪያ ይታከማል፣ ጠባሳ ግን አይመለስም። እውነቱን ቀድመህ ብታውቀው ይሻላል።

በዚህ ድራት አታስጠቃት። ትታጠብ፣ ትታከም፣ ትሰፋ፣ ትረፍ።

የጋጣ_ልጅ — ቀን 11

ዶክተር፣ ማህፀን ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒት ማንኛውም መርፌ መሆን ይችላል?

ዶክተር_ጋማ — ቀን 12

በፍጹም! ይህን ስለጠየቅህ አመሰግንሃለሁ።

ለመርፌ የተሠራ ሁሉ ለማህፀን አይሆንም። ኤንሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ማህፀን ውስጥ ሲጨመር ግድግዳውን ክፉኛ ያቃጥላል፣ ጠባሳ ይተዋል። ጄንታማይሲን አሲድ ስለሆነ በሶዲየም ባይካርቦኔት ሳይለዝብ አይገባም። ሌላም አለ። አንቲባዮቲክ ሲደጋገም ባክቴሪያው ይጠፋና ፈንገስ ይተካል። ካንዲዳና አስፐርጂለስ። ያ ከያዛት ሕክምናው ሳምንታት ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜም ይመላለሳል። በግምት የተሰጠ መድኃኒት ያመጣው ስለሆነ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ዳማ_ባዝራ — ቀን 16

ባዮፕሲው ሁለተኛው ደረጃ ነው። ከ50 እስከ 80 ካሉት ውስጥ ናት። አለቀስኩ ብል አላፍርም።

ማህፀኗ ፈሳሹ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ ታጠበ፣ ፔኒሲሊን ተሰጣት፣ ትናንት ተሰፋች። መኖዋንም ጨምሬላታለሁ፣ ሥጋ ስትገዛ ፊንጢጣዋ ወደ ቦታው እንደሚጠጋ ሐኪሙ ነግሮኛል።

ዳማ_ባዝራ — ቀን 37

ዳግም ድራት ላይ መጣች፣ በዚህኛው ቀኗን ጠብቃ። ስዋቡ ንጹሕ ነው። ፈሳሽም የለም።

ሐኪሙ «አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። በሰው ሰራሽ ዘዴ ነው የምናደርገው። የሚገባው ነገር ያነሰ ነው፣ የዘር ማቅጠኛውም አንቲባዮቲክ አለበት። እንቁላሉ 35 ሚሊ ሜትር ሲደርስ እንዲወጣ የሚያደርግ መርፌ ይወጋታል፣ ከዚያ አንዴ ይዳቀላል። የድንጉላውን ወረቀት ጠይቄያለሁ፣ አምባላይ እንዳለችው። ባለቤቱ ሳያቅማማ ሰጠኝ።

ዶክተር_ጋማ — ቀን 37

ደስ የሚል ዕቅድ ነው። «እንቁላሉ 35 ሚሊ ሜትር» ያልከው ከረጢቱን ነው፣ እንቁላሉ ራሱ በዓይን አይታይም።

ከተዳቀለች በኋላ ያሉትን ሰዓታት አትርሳ። ስፐርም በ4 ሰዓት ውስጥ የእንቁላል ቱቦው ደርሷል። ከዚያ በኋላ ማህፀኑን ማጠብ ዘሩን አያባክንም። ስለዚህ ከተዳቀለች በኋላ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታይ፣ ፈሳሽ ካለ በሊትር በሊትር ይታጠብ። ኦክሲቶሲን ማህፀኑን ያኮማትርላታል፣ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ዩኒት ነው፣ መጠኑን ሐኪምህ ይወስናል። እስከ ማግስቱ ደጋግሞ መስጠት ይቻላል። እሷ መሥራት ያቃታትን ጽዳት እኛ ነን የምናግዛት። በመጠነኛ እርምጃ አንቀሳቅሳት፣ እሱም ፈሳሹን ያወርዳል።

በድንጉላ ብቻ ማስጠቃት ግዴታ ለሚሆንባቸው ሌሎች አንባቢዎች፣ ለምሳሌ ቶሮብሬድ የሚባለውን የሩጫ ፈረስ ለምታረቡ፦ አንቲባዮቲክ ያለበት ማቅጠኛ ከመጠቃቷ በፊት ማህፀኗ ውስጥ ይጨመራል። የሚገባውን ባክቴሪያ እዚያው ይቀበለዋል።

የጋጣ_ልጅ — ቀን 44

የድንጉላዬ ውጤት መጣ። ቴይሎሬላ የለበትም፣ ተመስገን። ክሌብሲየላ ግን አለበት። ወቅቱን አቁሜያለሁ። ከእሱ ጋር ለነበሩት ባዝራዎች ባለቤቶች ሁሉ ደውዬ ነገርኳቸው። ከባድ ነበር።

አምባላይ_ድንጉላ — ቀን 44

ወንድሜ፣ ስላደረግኸው አከብርሃለሁ። ላብራቶሪው የክሌብሲየላውን ዓይነት እንዲለይልህ ጠይቅ። ከእሱ የሽፋን ዓይነቶች ውስጥ በግብረ ሥጋ በመተላለፍ የታወቁት 1፣ 2 እና 5 ናቸው። ሌላ ከሆነ ነገሩ ቀለል ይላል።

ዳማ_ባዝራ — ቀን 56

ይዛለች!!!

በ15ኛው ቀን ታየች። አንዲት ክብ ጥቁር ነጥብ። መንታ እንዳይሆን ሐኪሙ ሁለቱንም ወገን ፈተሸ። አንድ ብቻ ናት።

ጋሼ_ጉራች — ቀን 56

እሰይ ልጄ! እሰይ! አሁን ደግሞ ረጋ ብለህ ጠብቅ።

የማይክሮስኮፕ_ሰው — ቀን 56

በጣም ደስ ብሎኛል። እኛ የምናየው ስላይዱን ብቻ ነው፣ መጨረሻውን የሚነግረን የለም።

ዳማ_ባዝራ — ቀን 67

ዛሬ የልብ ምቷን አየሁ። ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች። 26ኛ ቀኗ ነው።

ዶክተር፣ ከዚህ በኋላ ባክቴሪያው ሊመለስ ይችላል? ምን ልጠብቅ?

ዶክተር_ጋማ — ቀን 67

ይችላል፣ ስለዚህ ዓይንህን አትንቀልባት። ባክቴሪያ በማህፀን በር በኩል ሽቅብ ወጥቶ እንግዴ ልጁን ሊያስቆጣው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት ነው የሚታየው። የሚያመጡትም እነዚያው ናቸው፣ ስትሬፕቶኮከስና ኢ. ኮላይ።

ምልክቱ ግቷ ነው። ከመውለጃዋ ሁለትና ሦስት ወር ቀድሞ ግቷ ካበጠ ወይም ወተት ካንጠባጠበ ደስ አይበልህ፣ ያንኑ ቀን ሐኪም ጥራ። ከብልቷ ፈሳሽ ካየህም እንዲሁ። ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው፣ ውርንጭላውም ይተርፋል። እሷ ስለተሰፋችና ታሪክ ስላላት ከ7ኛው ወር ጀምሮ ሐኪሙ በየወሩ በአልትራሳውንድ የእንግዴ ልጁን ውፍረት ቢለካ ጥሩ ነው።

ስትወልድ ደግሞ ሰዓት ያዝ። እንግዴ ልጁ በ3 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ድንገተኛ ነው። ላም እንደምትቆየው አይቆይም። ፈረስ ላይ ቁራጭ ከቀረ ማህፀኑ ይመርዛል፣ መርዙ ሰኮናዋ ድረስ ይሄዳል፣ ቆማ መሄድ ያቅታታል። አትጎትተው፣ አትቁረጠው። እንዳትረግጠው ከፍ አድርገህ እሰረውና ሐኪም ጥራ። ሲወጣም አትጣለው፣ መሬት ላይ ዘርግተህ ሙሉ መሆኑን እይ። ሁለቱም ቀንድ መሰል ቅርንጫፎቹ ጫፋቸው መኖር አለበት።

ጋሼ_ጉራች — ቀን 67

ስፌቱስ ልጄ? ቀኑን ጻፍክ?

ዳማ_ባዝራ — ቀን 67

ጽፌያለሁ ጋሼ። ከተዳቀለችበት ቀን 340 ቆጠርኩ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ተመለስኩ። ሐኪሙ ስፌቱን የሚከፍትበትን ቀን በጋጣዋ በር ላይ በቀይ ቀለም ጽፌዋለሁ። ለሐኪሙም፣ ለባለቤቴም፣ ለልጄም ነግሬያለሁ። እኔ ብረሳ ከሦስቱ አንዱ ያስታውሰኛል።